የጾም ሳህን

ጡረታ ለተቃረቡ ሠራተኞች ሥልጠና አለ ተብለን የተጠራን ዕለት ከፊት ወንበር አስቀመጡን። አሠልጣኙ የመጨረሻ ልጄን የሚያህል፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሳይደርስ ያለቀበት ወጣት ነበር። "ጡረታ መታቀድ ያለበት ገና በሠላሳ ዓመት ነው" አለን። እኔ ሠላሳ ዓመቴ ላይ ምን እሠራ እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። ማታ ልጅ እያጠባሁ፣ ቀን ደግሞ መጽሐፍ ወስደው የሚጠፉ ተማሪዎችን ስቆጣ ነበር። ስለ እርጅና ያሰብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ናት። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እሷ ጥረዛ ክፍል የተገነጠለ መጽሐፍ ስትጠግን፣ እኔ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ስቀመጥ፣ አብረን ነው ያረጀነው። እሷ ለመውጣት ወራት ቀርተዋታል፤ እኔ ከእሷ አንድ ዓመት እከተላለሁ። አሠልጣኙ "እስቲ ዕቅድ ያለው እጁን ያውጣ" ሲል ከዚያ ሁሉ ሽበታም መካከል እጇን ያነሣችው እሷ ነበረች። ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቤቴን ጨርሻለሁ" አለች። "አጋሮ ከወንድሜ ጋር ቡና አለን፤ በለቀማ ጊዜ እዚያ እከርማለሁ። ከጓሮ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለችኝ። እሷን ገና አልወሰንኩም።" የመጨረሻውን ስትል ወደ እኔ ዞር አለች።

"ያከራዩዋታ!" አለ ልጁ። አዳራሹ ሳቀ፣ ተጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ እያጨበጨበ በልቤ ያላትን እቆጥር ነበር። ቤት አላት፣ ቡና አላት፣ ወንድም አላት፣ ትርፍ ክፍል እንኳ አላት። እኔ ያለኝ የዩኒቨርሲቲው ቤት ነው፤ እሱንም ጡረታ የወጣሁ ዕለት ቁልፉን አስረክቤ የምወጣበት። ልጁ ይህን ሳያውቅ፣ ፈገግ እያለ ወደ እኔ መጣ። "እርስዎስ እናቴ፣ ዕቅድዎ ምንድን ነው?"

"ልጄ አዲስ አበባ እኔ ጋ ካልኖርሽ ብላ አስጨንቃኛለች" አልኩ። "ሰፊ ቤት ነው ያላት። ወደዚያው ነው የምሄደው።"

ለእኔም ተጨበጨበ። ጓደኛዬ ግን አላጨበጨበችም፤ የታሸገ ውሃዋን ክዳን ትፈትልና ትመልስ ነበር። ያኔ በእሷ ተራ ቅናት የያዛት መሰለኝና ደስ አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጄ ነይ ብላ አልጠራችኝም። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ባሏ፣ ሁለት ልጆቿና የባሏ ወንድም የሚተኙበት። ስትደውል "እማዬ፣ ጡረታ ስትወጪ እንዴት ይሻላል?" ትለኛለች። ይህን የሚጠይቅ ሰው መልሱ ከእኔ እንዲመጣ የሚፈልግ ነው። እኔም "እግዚአብሔር ያውቃል" እላታለሁ።

ቤት ያልሠራነው አጥተን አይደለም። ሠራተኛው ሁሉ በማኅበር እየተደራጀ ቦታ ሲመራ፣ ጓደኛዬ ጥረዛ ክፍል ድረስ ጎትታ ወስዳ "ማሎ፣ እባክሽ፣ አንቺም ግቢ፣ ጎን ለጎን እንሠራለን" ብላኝ ነበር። ለባለቤቴ ነገርኩት። ነፍሱን ይማረውና እሱ ሸዋ የተወለደ፣ ዕድሜውን በሙሉ ጅማ የኖረ፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሻንጣውን ከአእምሮው ያላወረደ ሰው ነበር። "እኛ ጡረታ ስንወጣ አገራችን እንገባለን፤ እዚህ ቤት ምን ያደርግልናል?" አለ። እኔም ልክ ነው አልኩ። ያን ጊዜ ከሸዋ መጥተን ግቢ ውስጥ የምንኖር ሁሉ እንዲህ ነበር የምናወራው። ባለቤቴ አገሩ ሳይገባ እዚሁ ተቀበረ። እኔም ከመቃብሩ ርቄ የት እሄዳለሁ? ሸዋ ያሉት ዘመዶቼ በስልክ እንኳ ድምፄን ለመለየት ይቸገራሉ።

አሁን ስለ ሳህኑ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው በእሱ በኩል ነው።

እኔ የሙስሊም ሥጋ አልበላም፣ እሷም የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ይህ ጅማ ውስጥ ማንም የማይቀየምበት ነገር ነው። ሥራ የጀመርን ሰሞን ምሳችንን ለየብቻ፣ አንገታችንን ደፍተን እንበላ ነበር። አንድ ቀን እሷ "እኔ ከእንግዲህ ሥጋ አላመጣም፤ አንቺም አታምጪ፣ አብረን እንብላ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ የሥራ ቀን ምሳችን ጾም ሆነ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ክረምት ላይ በቃሪያ የታሸ አቮካዶ። ከሂርማታ ገበያ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ዝርግ የብረት ሳህን ገዛን፤ ማን እንደገዛው ዛሬ ሁለታችንም አናስታውስም። እኔ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስቆይ እሷም ቆይታ ትጠብቀኛለች። እሷ በረመዳን ስትጾም እኔ ምሳ ብዬ ሳህኑን አውጥቼ አላውቅም፤ ወጥቼ ሻይ በዳቦ በልቼ እመለሳለሁ። ጥረዛ ክፍሉ ኮላ ኮላ ይሸታል። ዛሬም ኮላ ሲሸተኝ ይርበኛል።

ከሥልጠናው በፊት፣ ቤቷ ሊያልቅ ሲል፣ ሰቶ ሰመሮ ወስዳ አስጎብኝታኝ ነበር። ሳሎኑን አየሁ፣ ቀናሁ። የኩሽናውን ሴራሚክ አየሁ፣ ቀናሁ። መጨረሻ ላይ ጓሮ ወስዳ ያችን ሰርቪስ ከፈተችልኝ። ጠባብ ናት፤ ግን ሊሾው ያበራል፣ አንድ መስኮት አላት።

"ለአንድ ሰው አትበቃም?" አለችኝ።

"ለአንድ ሰው በደንብ ትበቃለች" አልኩ።

"መስኮቷን ወደ ምሥራቅ አስደረግኳት። አናጢው በዚህ በኩል ይሻላል ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፣ እኔ እምቢ አልኩ። ጠዋት ቀድሞ የሚነሣ ሰው ከሆነ ፀሐይ ያገኛል ብዬ።"

"ጥሩ አስበሻል" አልኩ። ልቤ ግን "በያ፣ በይኝ እንጂ" እያለ ይመታ ነበር። አንቺ ግቢባት እንድትለኝ ነው የጠበቅኩት። እሷ በሩን ዘጋችው። እኔም አልጠየቅኩም። ሰው ቤት ሠርቶ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ "ለእኔ ስጪኝ" ማለት ዓይነ ደረቅነት ነው። ከዚያ በኋላ ዳር ዳሩን ሞካክሬ ነበር። "ሰቶ ሰመሮ አየሩ ደስ ይላል" እላለሁ። "ኤዬ፣ ነፋሻ ነው" ትላለች። "ለብቻ መኖር መቼም ከባድ ነው" እላለሁ። "ወላሂ ከባድ ነው" ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ሁለታችንም ወደ ሳህኑ እንመለሳለን።

እሷ ጡረታ የወጣች ዕለት ሠራተኛው አዋጥቶ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጣት። ለጡረተኛ ሰዓት የሚሰጥበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ንግግር አድርጊ ተብዬ ተነሥቼ ሁለት ቃል ሳልናገር አለቀስኩ። ጥረዛ ክፍሉን ስትጠርግ፣ መርፌዎቿንና ክሯን በካርቶን አድርጋ፣ ሳህኑን ከላይ አስቀመጠችው። "ይዤው ልሂድ?" አለች። "ውሰጂው እንጂ፣ እኔ ብቻዬን ምን ላደርገው" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ያኔ ሳህኑ እሷ ጋ ሄደ ማለት እኔም ወደዚያው እሄዳለሁ ማለት ነው ብዬ ነበር።

ወራት አለፉ። እኔ ምሳዬን ማዋሻው ጠረጴዛ ኋላ ከፕላስቲክ ዕቃ እበላ ጀመር። በለቀማ ጊዜ ከአጋሮ ደወለች። ከስልኩ ኋላ ሳቅና ጫጫታ ይሰማል፤ የወንድሟ ሚስት በኦሮምኛ ትጠራታለች። "ቡናው ዘንድሮ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ነይ እንጂ" አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የሰው ቡናም ቢሆን ያው ነው፤ ሄጄ የሰው ቅርንጫፍ ሥር ቆሜ ማሻ አላህ ማለት አልፈለግኩም። ከዚያ ልትዘጋ ስትል፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "ሰርቪሷን ለአንዲት ልጅ ሰጠኋት። እናንተው ጋ አስተማሪ ናት፣ ከሐዋሳ የመጣች። ጨዋ ልጅ ናት" አለች።

"ጥሩ አደረግሽ" አልኩ።

ያን ቀን ከሰዓት ለማን ምን መጽሐፍ እንዳዋስኩ አላውቅም። ልጅቷንም ፈልጌ አየኋት፤ ማየት አልነበረብኝም። ቦርሳዋን በአንድ ትከሻ አንጠልጥላ፣ ፀጉሯን አሹርባ፣ እየሮጠች የምትገባ ናት። ቤተ መጻሕፍት መጥታ "ማዘር፣ ይህን ለሁለት ሳምንት ቢያራዝሙልኝ" ስትለኝ መመሪያው አይፈቅድም አልኳት። መመሪያው ይፈቅዳል።

አረፋ ደረሰ። ለበዓል አለመሄድ ነውር ነው፤ ሄድኩ። ሰቶ ሰመሮ ግቢዋ በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ከሳሎን፣ ሴቶቹ ከኩሽናው በር ላይ ናቸው። ጓደኛዬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ሒና ተቀብታ፣ እንዲያው አምሮባት አቀፈችኝ። "ጠብቄሽ ጠብቄሽ፣ ነይ ወደ ጓሮ፣ ያንቺን ለይቼ ነው የሠራሁት" አለችኝ። በየዓመቱ ለእኔ በሌላ ድስት የጾም ወጥ ትሠራለች። ተከትያት ሄድኩ።

የሰርቪሷ በር ተከፍቷል። ምሥራቅ የሚያየው መስኮት ላይ ወፍራም ቡኒ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ልጅቷ በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ዝርግ የብረት ሳህን አለ። ግማሹ ተበልቷል።

"ማዘር! ይቅርታ፣ እርቦኝ ቀደምኩዎት" አለችኝ፤ ተነሥታ ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። "ይኸው በዚህ በኩል አልነካሁትም።"

ጓደኛዬ ሣቀች። "ሚቲ፣ እንዲያ አይደለም፣ አንቺም ክርስቲያን እሷም ክርስቲያን፣ አብራችሁ ብሉ ብዬ እኮ ነው።"

ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ። አጥንቴን አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ከሳህኑ አልነሣ አለ። ለዚያች ልጅ ክፍሉ አልበቃትም ነበር? ባል የሌላት፣ ገና ዕድሜ ያልነካት፣ ነገ ሌላ ሥራ ሌላ ከተማ የምታገኝ ልጅ የእኔን መስኮት ይዛ፣ የእኔን ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ "በዚህ በኩል አልነካሁትም" ትለኛለች። አልተቀመጥኩም።

"ሳህኔን መልሺልኝ" አልኩ ለጓደኛዬ።

"ምን?"

"ሳህኑን። ልወስደው ነው የመጣሁት።"

ኩሽናው በር ላይ የነበሩት ሴቶች ወደ እኛ ዞሩ። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን አየች። የልጅቷን ምግብ በሌላ ሳህን ገለበጠችላት፤ ሳህኑን ቧንቧው ሥር ወስዳ፣ በሒናው እጇ ቀስ ብላ አጠበችው፤ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ ሰጠችኝ። እኔ እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ወጣሁ። በታክሲ ሳህኑን ደረቴ ላይ ይዤ ስሄድ አንዲት ሴትዮ "ገበያ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ማታ ሽሮ ሠርቼ ከእሱ ላይ በላሁ። ለሁለት ሰው የተገዛ ሳህን ለአንድ ሰው ይሰፋል። እንጀራው መሃል ላይ ቀርቶ ዳር ዳሩ ባዶውን ያበራል። ግማሽ ሳልበላ ተውኩት። ልጄ ደውላ "ድምፅሽ ምን ሆኗል?" ብትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት።

የዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የዋናው በር ጥበቃ ደወለልኝ። "አንዲት እናት እዚህ ቆመዋል። መታወቂያ የላቸውም፤ እርስዎን ነው የሚሉት።" ወጣሁ። ጓደኛዬ ከብረቱ በር ውጭ ቆማለች፤ የምሳ ዕቃዋን በፌስታል ይዛለች። ጥበቃው አዲስ ልጅ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ በር እንደገባች አያውቅም።

"እዚህ ሥራ ነበረኝ ብለው አላመነኝም" አለችኝ። ለመሣቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዓይኗ ከእኔ ትከሻ አልፎ ቤተ መጻሕፍቱን ያያል። ከዚያ "ሳህኑን ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

ሳህኑ ቢሮ ነበር። ቤት ካስቀመጥኩት እያየሁት ስለሚያናድደኝ ይዤው መጥቼ ነበር። ተመልሼ አመጣሁት። ከአጥሩ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሷ ምስር፣ እኔ ጎመን አወጣን። ባጃጅ እያለፈ አቧራ ያለብሰናል። አንድ ሁለት ጉርሻ በላን።

"ግንጆ ጉዱሩ ሰፈር አንድ የኪራይ ክፍል አይቻለሁ" አልኩ። "ስወጣ እዚያ ልገባ ነው።"

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። "አዲስ አበባስ?"

"ምን አዲስ አበባ አለኝ? ልጄ መቼ ጠራችኝ? ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ አንቺ ቤት ስትዪ፣ ቡና ስትዪ፣ ቀናሁብሽና አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።"

ምስሩን በእንጀራ ትጠቀልላለች፣ አትጎርሰውም።

"ያ ረቢ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ እኮ ያን ቀን ልነግርሽ ነበር። ሰው ፊት ልንገራት፣ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ያሳፍራታል ብዬ ነው የተነሣሁት። ወደ አንቺ ዞሬ አልነበር? ከዚያ አንቺ ሰፊ ቤት፣ ልጄ ጋ አልሽ። ሰርቪስ ውስጥ ነይ ግቢ ብል በክብር ልጄ ጋ የምሄደውን ናቀችኝ ትያለሽ ብዬ ዋጥኩት።"

"ቀድመሽስ? ክፍሉን ያሳየሽኝ ቀን?"

"ቀን መች ጠፋ። ልጆችሽ እናታችንን ሙስሊሟ ጓሮዋ አስቀመጠቻት ይሉኛል፣ አንቺም ይሉኝታ ይዞሽ ሳትወጂ ትገቢያለሽ፣ ራስሽ ትጠይቂኝ ብዬ ጠበቅኩሽ።" ጉርሻውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። "መስኮቱንስ ለማን ብዬ ነው ወደ ምሥራቅ ያስደረግኩት? እኔ የምሰግድበት ቂብላ እኮ ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚቆመው ማን ነው?"

ዝም አይነቅዝም የሚሉት ውሸት ነው። የእኛ ዝምታ ስንት ዘመን ተቀምጦ ነቀዘ። አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፤ ጥበቃው ልጅ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ።

"ልጅቷን ውጪ አልላትም" አለችኝ፤ አፍንጫዋን እየጠረገች። "ከሰው አገር የመጣች ናት። ምን አጠፋች?"

"አትበያት" አልኩ። እንድትላት ግን ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ልበላት ብትለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ስናወራት ራሷ መጣች። ከባጃጅ ወርዳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ። እኛን ስታይ ደንግጣ ቆመች፤ የአረፋው ነገር ገና ፊቷ ላይ አለ። ጓደኛዬ "ነይ ቅመሺ" አለቻት። ድንጋዩ ለሦስት ይበቃል። እኔ ጠጋ አላልኩም። ግን ጎመን በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፏ ዘረጋሁ፤ ጎንበስ ብላ ጎረሰች። "እግዜር ይስጥልኝ ማዘር" ብላ መታወቂያዋን አሳየችና ገባች። ጓደኛዬ፣ ልጅቷ በብረቱ በር ገብታ እስክትጠፋ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት። በዚያ በር በምትገባው የምትቀና ሌላም ሰው እንዳለች ያን ጊዜ አየሁ።

ስንጨርስ ሳህኑን ጠራርጌ ሰጠኋት። "አንቺ ጋ ይሁን" አልኳት። "ባልሆነ ነገር ነው የወሰድኩብሽ።"

መለሰችልኝ። "አይ፣ አንቺ ጋ ይሁን። እኔ ጋ ከዋለ እሷም ትበላበታለች፤ አትመጪም። አንቺ ጋ ካለ ግን ይዘሽው ትመጫለሽ።"

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለእኔም ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። የግንጆ ጉዱሩ ክፍሌ መጥፎ አይደለም፤ አከራዬ ሰላማዊ ሴት ናት። አንድ መስኮት አለኝ፣ የጎረቤት ግድግዳ ነው የሚያየው፤ ጠዋት ለጸሎት ስቆም ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ በሐሳቤ ቆጥሬ እዞራለሁ። ዓርብ ዓርብ ሳህኑን በፌስታል ይዤ ሰቶ ሰመሮ እሄዳለሁ። ጓደኛዬ ከጁምዓ መልስ ጓሮ ላይ አንጥፋ ትጠብቀኛለች። የምንቀመጠው ከሰርቪሷ ፊት ለፊት ነው። ልጅቷ ማታ ስለምታነብ ረፋድ ድረስ ትተኛለች፤ ፀሐዩ ያስቸግረኛል ብላ ያን መጋረጃ ገልጣው አታውቅም።